የጠፉ ዛጎሎች ስም
የቅሪተ አካል ፎራሚኒፌራ አመዳደብ ታሪክ

በግብፅ አገር በጊዛ አምባ የቆሙት ፒራሚዶች ከታነጹ ከሁለት ሺህ አምስት መቶ ዓመታት ገደማ በኋላ ስፍራውን የጎበኘው ግሪካዊው የጂኦግራፊ ሊቅ ስትራቦን፣ በሕንፃዎቹ ግርጌ ከተከመረው የድንጋይ ፍርፋሪ መካከል በቅርጻቸውም በመጠናቸውም ምስር የሚመስሉ ነገሮችን ተመለከተ። የአገሩ ሰዎች እነዚህ የግንበኞቹ የምግብ ትራፊ እንደ ሆኑና በዘመን ብዛት ወደ ድንጋይነት እንደ ተለወጡ ነገሩት። እርሱም ይህንን በመጽሐፉ ከመዘገበ በኋላ፣ በትውልድ አገሩም በሜዳ መካከል እንዲህ ባለ ምስር መሰል ድንጋይ የተሞላ ረጅም ኮረብታ መኖሩን አስታወሰ። የጥንት መጻሕፍታችን ግብፅን «ምስር» እያሉ ይጠሯት ስለነበር አጋጣሚው ለአማርኛ አንባቢ ትንሽ ፈገግታ ሳያሳድር አይቀርም።

የስትራቦን ምስር ግን የእህል ዘር አልነበረም። ፒራሚዶቹ የታነጹበት የኖራ ድንጋይ ኢዮሲን በሚባለው የምድር ዘመን በጥልቀት አነስተኛ በሆነ ሞቃት ባሕር ውስጥ የተጠራቀመ ሲሆን፣ ምስር መሳዮቹ ነገሮች በዚያ ባሕር ወለል ላይ ይኖሩ የነበሩ ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረታት ዛጎሎች ናቸው። የእነዚህ ፍጥረታት ጠቅላላ መጠሪያ ፎራሚኒፌራ ነው። አብዛኞቹ ከአሸዋ ቅንጣት አይበልጡም፤ የጊዛዎቹ ግን ከወገኖቻቸው መካከል ግዙፋን ከሚባሉት ናቸው። ከእነርሱም መካከል አንዱን ዝርያ የሊኔየስ ደቀ መዝሙር የነበረው ፎርስኮል በጊዛ ስም ሰይሞት፣ ጽሑፉ እርሱ ከሞተ በኋላ በ1775 ታትሟል። የወገኑን ስም «ኑሙላይትስ» ብሎ ያወጣው ደግሞ ፈረንሳዊው ላማርክ ሲሆን ዘመኑ 1801 ነው፤ ትርጓሜውም ከላቲን «ትንሽ ሳንቲም» ማለት ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ምስር፣ ሳንቲም፣ ዛጎል፤ ለአንድ ነገር ሦስት ስም ሲሰጥ ከእያንዳንዱ ስም በስተጀርባ አንድ ፍርድ አለ። ለጠፋ ፍጡር ስም ማውጣት የማን ዘመድ እንደ ነበረና በየትኛው ዘመን እንደ ኖረ መፍረድ ነው። በሥነ ሕይወት አመዳደብ እርስ በርስ የሚመሳሰሉ ግለሰቦች ዝርያ፣ የሚቀራረቡ ዝርያዎች ወገን፣ የሚዛመዱ ወገኖች ደግሞ ቤተሰብ ይባላሉ። በቅሪተ አካል ፎራሚኒፌራ ረገድ ይህ ፍርድ ሲሰጥ፣ ሲሻርና እንደገና ሲሰጥ ሦስት መቶ ዓመታት ሊሞላው ነው። ፍርዱ ሲሳሳት የሚከተለው ጉዳት በሙዚየም መሳቢያ ውስጥ ብቻ ተወስኖ እንዳልቀረም ታሪኩ ያሳያል።

የመጀመሪያው ምደባ

በ1731 ቤካሪ የተባለው ጣሊያናዊ ሊቅ በቦሎኛ አካባቢ ከተገኘ አሸዋ ውስጥ እጅግ ብዙ ጥቃቅን ጥምዝ ዛጎሎችን በአጉሊ መነጽር ለይቶ አሳወቀ። በ1739 ደግሞ ፕላንከስ በሚል የብዕር ስም የታወቀው የሪሚኒ ሐኪም በከተማው የባሕር ዳርቻ አሸዋ ውስጥ ተመሳሳይ ዛጎሎችን አግኝቶ በሥዕል አሳተመ። እነዚህ ሰዎች ያዩት ዛጎል በብዙ ጓዳዎች የተከፋፈለና እንደ ቀንድ አውጣ የተጠማዘዘ በመሆኑ፣ በታላላቅ ባሕሮች ከሚኖረው ናውቲለስ ጋር ማዛመዳቸው አያስደንቅም። ናውቲለስም ዛጎሉ በጓዳዎች የተከፈለ ነውና። ሊኔየስም በ1758 ባወጣው ታላቅ የምደባ መጽሐፉ ጥቂቶቹን በዚሁ በናውቲለስ ወገን ውስጥ አስገባቸው።

ሥርዓት ያለው ምደባ የተጀመረው በአልሲድ ዶርቢኚ ነው። በ1802 የተወለደው ይህ ፈረንሳዊ ያደገው በላ ሮሼል አጠገብ በባሕር ዳርቻ ሲሆን፣ ሐኪም የነበረው አባቱ ጥቃቅን ዛጎሎችን ከአሸዋ መልቀም አስተማረው። ልጁም ዛጎሎቹን በአጉሊ መነጽር እያየ በመጠን አጉልቶ በድንጋይ ቀረጻቸው፤ ከቅርጾቹም በጂፕሰም ቅጂዎችን እያወጣ ለሊቃውንት አሠራጨ። በዚህ መንገድ የተዘጋጁት 100 ቅርጾች፣ በዓይን የማይታየውን ነገር በእጅ የሚዳሰስ ስላደረጉት፣ በጊዜው ከማናቸውም ሥዕል የበለጠ አገልግሎት ሰጥተዋል። ዛሬም በአንዳንድ ሙዚየሞች ተጠብቀው ይገኛሉ።

ዶርቢኚ በ1826 ያሳተመው ሥርዓት ከ50 በላይ ወገኖችን በአምስት ቤተሰቦች የሚያጠቃልል ነበር። መለያ ያደረገውም የጓዳዎቹን አደራደር ነው፤ በአንድ መስመር የተደረደሩ፣ በጥምዝ የሚዞሩ፣ በሁለት ረድፍ የሚፈራረቁ፣ ወዘተ። ለጠቅላላው ቡድን ያወጣው «ፎራሚኒፌራ» የሚለው ስም «ቀዳዳ ያላቸው» ማለት ሲሆን፣ የናውቲለስ ጓዳዎች በቧንቧ ሲገናኙ የእነዚህ ግን በቀዳዳ ብቻ መገናኘታቸውን ለማመልከት የተመረጠ ነው። ከዚህ በቀር ግን ሁለቱን ዘመዳሞች አድርጎ ቆጥሯቸው ነበር። ምሰሶው በትክክል ተሠርቶ በተሳሳተ መሠረት ላይ እንደ ቆመ ሕንፃ፣ የዶርቢኚ ሥርዓት በውስጡ የተስተካከለ ሆኖ ሳለ ጠቅላላ ቦታው የተሳሳተ ነበር።

ስሕተቱን የገለጠው በ1835 ፌሊክስ ዱዣርዳን ነው። እርሱ ባዶውን ዛጎል በማየት ሳይወሰን፣ ከሜዲትራኒያን ባሕር ያወጣቸውን ሕያዋን ፎራሚኒፌራ በውሃ ውስጥ አስቀምጦ ተመለከተ። በዛጎሉ ውስጥ እጅም፣ ዓይንም፣ ሆድም ያለው እንስሳ አልነበረም። የነበረው ቅርጽ የሌለው ሕያው ዝልግልግ ነገር ሲሆን፣ ይህም በዛጎሉ በኩል እንደ ሥር የቀጠኑ ክሮችን እየዘረጋ መልሶ የሚሰበስብ ነበር። ስለዚህ ዱዣርዳን እነዚህ ፍጥረታት ከሁሉ ይልቅ ቀላል ከሆኑት ነፍሳት መመደብ እንዳለባቸው ደመደመ። ዶርቢኚም በ1839 ስለ ኩባ ፎራሚኒፌራ ባሳተመው ሥራው ይህንኑ ተቀብሎ የቀድሞ ሐሳቡን ተወ። የምደባውን ውስጣዊ አከፋፈል ግን መጣል አላስፈለገውም፤ እርሱ ካወጣቸው የወገን ስሞች ብዙዎቹ እስከ ዛሬ ይሠራባቸዋል።

አንድ ፍጡር በሁለት ስም

የዶርቢኚ ተከታዮች አዳዲስ ስሞችን ማውጣት ሲያዘወትሩ፣ በእንግሊዝ አገር ተቃራኒ አስተሳሰብ ተነሣ። ሐኪሙ ዊልያም ካርፔንተር በ1862 ባሳተመው ታላቅ መጽሐፍ፣ የፎራሚኒፌራ ቅርጽ ከግለሰብ ወደ ግለሰብ ያለ ወሰን ስለሚለዋወጥ በዝርያዎች መካከል ቁርጥ ያለ ድንበር ማስመር አይቻልም ሲል ተከራከረ። ይልቁንም ከጓዳዎቹ አደራደር በፊት የዛጎሉ ግድግዳ ይመርመር፤ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ያሉበት ነው ወይስ የሌሉበት የሚለው ዋናው መለያ ይሁን አለ። ይህ ስለ ግድግዳ የተነሣው ሐሳብ ከመቶ ዓመት በኋላ የምደባው ሁሉ ማዕዘን ይሆናል።

የካርፔንተር ጥርጣሬ ከመጠን ያለፈ ቢሆንም መነሻ የሌለው አልነበረም። የኑሙላይትስ ተመራማሪዎች አንድ እንግዳ ነገር ያስተውሉ ነበር። በአንድ የድንጋይ ንጣፍ ውስጥ ዘወትር ሁለት ዓይነት ዛጎሎች ጥንድ ሆነው ይገኛሉ። አንደኛው ትልቅ ሆኖ የመጀመሪያዋ ጓዳው እጅግ ትንሽ ናት፤ ሁለተኛው ትንሽ ሆኖ የመጀመሪያዋ ጓዳው ትልቅ ናት። ለእያንዳንዱም የተለየ የዝርያ ስም ወጥቶለት ነበር። በ1880 ፈረንሳዊው ሙኒዬ ሻልማ እነዚህ ጥንዶች ሁለት ዝርያዎች ሳይሆኑ የአንድ ዝርያ ሁለት መልኮች ናቸው የሚል ሐሳብ አቀረበ። በ1895 ገደማም ሊስተር በእንግሊዝ፣ ሻውዲን በጀርመን ሕያዋን ፎራሚኒፌራን አሳድገው ምክንያቱን አገኙ። እነዚህ ፍጥረታት በጾታ የሚራባ ትውልድና ያለ ጾታ የሚራባ ትውልድ እየተፈራረቁ ይኖራሉ፤ ሁለቱ ዛጎሎችም የሁለቱ ትውልዶች ናቸው። በዚህም የተነሣ ለረጅም ጊዜ በተለያየ ስም ሲጠሩ የነበሩ ኑሙላይትሶች ጥንድ ጥንድ ሆነው ወደ አንድ ስም ተመለሱ።

ይህ ታሪክ ለማንኛውም የምደባ ሥራ የሚሆን ትምህርት አለው። ቅሪተ አካሉን ብቻ ያየ ሰው ሁለት ዝርያ ብሎ መፍረዱ ስንፍና አልነበረም፤ ልዩነቱ በእርግጥ ነበር። የጎደለው የልዩነቱ ምክንያት ነው። የሞተው ሊመሰክር ያልቻለውን ሕያው ዘመዱ መሰከረ።

ድንጋይን ሕይወት ያሰኘ ምኞት

ከዚህ የከፋው ስሕተት ደግሞ ሕይወት የሌለውን ነገር በፎራሚኒፌራ መመደብ ነው። በካናዳ ከታወቁት እጅግ ጥንታዊ ድንጋዮች መካከል ነጭና አረንጓዴ ስስ ንጣፎች የተፈራረቁበት ዓይነት ተገኘ። በሞንትሪያል የማክጊል ዩኒቨርሲቲ ርእሰ መምህር የነበረው ጆን ዊልያም ዳውሰን ድንጋዩን በማይክሮስኮፕ ከመረመረ በኋላ፣ በንጣፎቹ ውስጥ የግዙፍ ፎራሚኒፌራ ጓዳዎችንና ቱቦዎችን እንዳየ አስታወቀ። በ1865ም «ኤኦዞን ካናደንሴ»፣ ማለትም «የካናዳ የንጋት እንስሳ» የሚል ስም አወጣለት። በጊዜው በዓለም የፎራሚኒፌራ ግድግዳ ዕውቀት ተወዳዳሪ ያልነበረው ካርፔንተር ፍርዱን አጸደቀ። ቻርልስ ዳርዊንም በ1866 በወጣው የታላቅ መጽሐፉ አራተኛ እትም ይህን ግኝት ለሕይወት ጥንታዊነት ማስረጃ አድርጎ ጠቀሰው።

በዚያው ዓመት በአየርላንድ የጎልዌይ መምህራን ኪንግና ራውኒ መዋቅሩ የማዕድን ውጤት እንጂ የሕያው ፍጡር ቅሪት አይደለም ብለው ተነሡ። ክርክሩ ሠላሳ ዓመት ያህል ወሰደ። ነገሩ የተቋጨው በ1894 ጆንስተን ሌቪስና ግሪጎሪ፣ የቬሱቪየስ እሳተ ገሞራ ከተፋቸው የኖራ ድንጋይ ቁራጮች ውስጥ ልክ እንደ ኤኦዞን ያሉ ንጣፎችን ባገኙ ጊዜ ነው። የኖራ ድንጋይ በታላቅ ሙቀት ሲበስል የሚፈጠረው መዋቅር የፎራሚኒፌራን ጓዳ አስመስሎ ሊሠራ እንደሚችል ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ነገር አልነበረም። ዳውሰን ግን በ1899 እስኪሞት ድረስ ሐሳቡን አልለወጠም።

ከዚህም በኋላ በ1912 የብሪታንያ ሙዚየም ባልደረባ የነበረው ራንዶልፍ ኪርክፓትሪክ፣ የምድር ቅርፊት ድንጋይ ሁሉ፣ እሳተ ገሞራ የወለደው ሳይቀር፣ ከኑሙላይትስ የተሠራ ነው የሚል መጽሐፍ አወጣ። ሰውየው ሰነፍ አልነበረም። ስለ ስፖንጆች የጻፈው ጥናት ከብዙ ዓመታት በኋላ ትክክል ሆኖ ተገኝቷል። ሆኖም ማስረጃን ከመመዘኛ ጋር ሳያገናኝ ወደ ማይክሮስኮፕ ያጎነበሰ ሰው የሚሻውን ነገር እንደሚያገኝ የእነዚህ ሁለት ሰዎች ታሪክ ያስረዳል። በኤኦዞን ረገድ ምስክር ሆኖ የተገኘው ይበልጥ የሚያጎላ መነጽር አልነበረም፤ ከሌላ ቦታ፣ በሌላ ምክንያት የተፈጠረ ተመሳሳይ ድንጋይ ነበር።

የቁፋሮው ጥያቄ

እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት መግቢያ ድረስ የፎራሚኒፌራ ምደባ የጥቂት ምሁራን ሥራ ነበር። ከመካከላቸውም በሙያው መድኃኒት ቀማሚ የነበረው ሄንሪ ብሬዲ «ቻሌንጀር» የተባለችው መርከብ ከ1872 እስከ 1876 ባደረገችው የውቅያኖስ ጉዞ የሰበሰበችውን ሁሉ መርምሮ በ1884 ያሳተመው ባለ 115 ሠንጠረዥ ሥዕል ሥራ፣ ለሕያዋኑ ዝርያዎች እስከ ዛሬ የሚጠቀስ ሰነድ ነው።

ሁኔታውን የለወጠው ነዳጅ ዘይት ነው። የመሰርሰሪያው ጥርስ በመቶ በሚቆጠሩ ሜትሮች ጥልቀት ድንጋዩን እየፈጨ ሲወርድ፣ ትላልቅ ዛጎሎች ተሰባብረው መለያቸው ይጠፋል። ፎራሚኒፌራ ግን ከትንሽነታቸው የተነሣ ሳይሰበሩ ከጭቃው ጋር ወደ ላይ ይወጣሉ። አንድ ጭብጥ ስብርባሪ በመቶ የሚቆጠሩ ዛጎሎች ሊኖሩት ይችላል። ስለዚህ መሰርሰሪያው በየትኛው ዘመን ድንጋይ ውስጥ እንዳለ ከማንም ይበልጥ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው።

ይህን በተግባር ካሳዩት መካከል በቴክሳስ በሦስት የነዳጅ ኩባንያዎች ውስጥ ይሠሩ የነበሩት ሦስት ሴቶች ናቸው፤ በኋላ አፕሊን ተብላ የታወቀችው ኤስተር ሪቻርድስ፣ አልቫ ኤሊሶርና ሄድዊግ ክኒከር። ሪቻርድስ በ1921 ሐሳቡን በጉባኤ ስታቀርብ፣ ገና ከኮሌጅ የወጣች ልጅ በፎራሚኒፌራ የድንጋይን ዕድሜ እለያለሁ ማለቷን ያጣጣለ መምህር እንደ ነበረ በሙያው ዘንድ ይተረካል። መልሱ በ1925 መጣ። ሦስቱ ሴቶች የቴክሳስንና የሉዊዚያናን የባሕር ጠረፍ የከርሠ ምድር ንጣፎች በፎራሚኒፌራ ከጉድጓድ ወደ ጉድጓድ እያያያዙ ያዘጋጁትን ጥናት በጋራ አሳተሙ። ከዚያ በኋላ በየነዳጅ ኩባንያው የማይክሮስኮፕ ክፍል መክፈት የተለመደ ሆነ።

ለእነዚህ ክፍሎች ሠራተኞችን ያሠለጠነው፣ መጽሐፉንም ያዘጋጀው ጆሴፍ ኩሽማን ነበር። በሜክሲኮ ለነዳጅ ኩባንያ በሠራበት ጊዜ ያገኘውን ልምድ ይዞ በ1923 በማሳቹሴትስ ግዛት በሻሮን መንደር በገዛ ቤቱ አጠገብ የግል ላቦራቶሪ አቋቋመ። በ1928 ያወጣው የምደባ መጽሐፍ በርእሱ ላይ «ኢኮኖሚያዊ ጥቅም» የሚለውን ቃል ማከሉ የዘመኑን መንፈስ ይገልጣል። መጽሐፉ እስከ 1948 ድረስ አራት ጊዜ ታተመ። የስሞቹ ብዛት ግን ከማንም የማስታወስ ኃይል በላይ ሆነ። ስለዚህ በኒው ዮርክ የአሜሪካ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ኤሊስና ሜሲና ከ1940 ጀምሮ፣ ማንኛውም ዝርያ መጀመሪያ የተገለጸበትን ቃልና ሥዕል በብዙ ቅጾች ሰብስበው ማሳተም ጀመሩ።

የሽቫገሪና ክርክር

ስም ሲሳሳት የሥራ ቋንቋ እንዴት እንደሚዘበራረቅ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳየው የፉሱሊኒዶች ጉዳይ ነው። እነዚህ በካርቦኒፌረስና በፐርሚያን ዘመናት የተስፋፉ፣ ከ252 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በፐርሚያን ፍጻሜ በደረሰው ታላቅ እልቂት ፈጽመው የጠፉ ፎራሚኒፌራ ናቸው። ብዙዎቹ የገብስ ፍሬ ይመስላሉ። የውጭ መልካቸው እርስ በርሱ እጅግ ስለሚመሳሰል፣ ወገናቸውን ለመለየት ዛጎሉን በመካከለኛዋ ጓዳ በኩል ሰንጥቆ፣ ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ ሞርዶ፣ ግድግዳውንና ጥቅሉን ማየት ያስፈልጋል። ሥራው ትዕግሥትን የሚጠይቅ ነው፤ ሞረዱ ጥቂት ካለፈ መካከለኛዋ ጓዳ ትጠፋለች፣ ጥቂት ከጎደለም አትታይም።

በ1877 ቫለሪያን ፎን ሜለር በሩስያ ድንጋዮች ውስጥ እንደ ኳስ የተነፉ ፉሱሊኒዶችን አግኝቶ «ሽቫገሪና» የሚል የወገን ስም አወጣ። መሠረት ያደረገውም ጀርመናዊው ኤረንበርግ ቀደም ሲል የሰየመውን አንድ ዝርያ ነበር፤ በእጁ ያሉት ዛጎሎች የዚያ ዝርያ ናቸው ብሎ ስላመነ ነው። ስሙ በዓለም ተሠራጨ፤ «የሽቫገሪና ንጣፍ» የሚለውም የፐርሚያንን መጀመሪያ ለማመልከት በየአገሩ የሚነገር ሆነ። በ1936 ግን አሜሪካውያኑ ደንባርና ስኪነር የኤረንበርግን ዝርያ ከመሠረቱ ሲመረምሩ፣ ሜለር ካሰበው የተነፋ ዛጎል ጋር አንድ አለመሆኑን አገኙ።

በእንስሳት አሰያየም ደንብ መሠረት ስም የሚከተለው የሰያሚውን ሐሳብ ሳይሆን ለስሙ መሠረት የሆነውን ናሙና ነው። ስለዚህ «ሽቫገሪና» የሚለው ስም ከተነፉት ዛጎሎች ተወስዶ ለቀጫጭኖቹ ተሰጠ፤ ለተነፉት ደግሞ «ፕሴውዶሽቫገሪና» የሚል አዲስ ስም ወጣ። በሶቪየት ኅብረት የነበሩ ብዙ ሊቃውንት ግን በኡራል ንጣፎች የለመዱትን የቀድሞውን አጠቃቀም ይዘው ቆዩ። ከዚህም የተነሣ በአንድ ስም ሁለት የተለያዩ ፍጥረታት ይጠሩ ጀመር። የሞስኮን ጽሑፍ የሚያነብ የቴክሳስ ባለሙያ፣ የቃሉን ፊደል እያወቀ ትርጉሙን ግን በየገጹ መመርመር ነበረበት።

ከውጭ ለሚያይ ሰው ይህ የስም ጠብ ይመስላል። ነገር ግን አንድ ንጣፍ በዚህ ስም ተጠርቶ በሌላ አገር ካለ ንጣፍ ጋር ሲያያዝ፣ የሁለቱ ዕድሜ እኩል ነው የሚል ፍርድ በውስጡ አለ። መለኪያው በሁለት አገር ሁለት ርዝመት ያለው ሜትር ቢሆን ድልድዩ እንደማይገጥም የታወቀ ነው። የመሠረታዊ ናሙና ሕግ ስሜትን ቢጎዳም ያስፈለገው ለዚህ ነው፤ ስሙን ማንም ሄዶ ሊያየው ከሚችለው አንድ ዕቃ ጋር ያሥረዋልና።

የግድግዳው ምስክርነት

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የምደባው ትኩረት ካርፔንተር ወዳመለከተው ወደ ዛጎሉ ግድግዳ ተመለሰ። አላን ውድ በ1949 ስስ ቁራጮችን በተለየ የብርሃን ዘዴ መርምሮ፣ ግድግዳዎች በክሪስታሎቻቸው አቀማመጥ እንደሚለያዩ አሳየ። አንዳንዱ ፍጡር የአሸዋ ቅንጣቶችን እየለቀመ አጣብቆ ይገነባል፤ አንዳንዱ ሸክላ የመሰለ፣ አንዳንዱም መስተዋት የመሰለ የካልሳይት ግድግዳ ያወጣል። ጓዳዎችን በአንድ ዓይነት ጥምዝ መደርደር ዘመድ ባልሆኑ ቤተሰቦች ውስጥ ደጋግሞ ሊከሠት ይችላል፤ የግንባታው ቁሳቁስና ዘዴው ግን እምብዛም አይለወጥም የሚለው እምነት ሥር ሰደደ። በሕንፃ ምሳሌ ብንናገር፣ ክብ ቤት በጭቃም በድንጋይም ይሠራል፤ የግንበኛውን ወገን የሚናገረው ግን የቤቱ ክብነት ሳይሆን የግንቡ አሠራር ነው።

በዚህ መሠረት ላይ ታላቁን ሥራ የሠሩት ባልና ሚስቱ አልፍሬድ ሎብሊክና ሄለን ታፓን ናቸው። በየአገሩ ሙዚየም የሚገኙትን መሠረታዊ ናሙናዎች በዓይናቸው እያዩ፣ በ1964 የፎራሚኒፌራን ወገኖች ሁሉ በሁለት ታላላቅ ቅጾች አሳተሙ። በዚህም አልረኩም። የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ከመጣ በኋላ፣ በ1967 ቶዌና ሲፌሊ በክሪስታል አቀማመጥ ብቻ መመደብ አስተማማኝ አለመሆኑን ካሳዩ በኋላ፣ ሥራውን እንደገና ጀመሩት። በ1980ዎቹ መጨረሻ ያወጡት ሁለተኛው መጽሐፍ ከ2,400 በላይ ወገኖችን ይዟል። ከእነዚህም ትልቁ ክፍል ዘሩ የጠፋ ነው።

የዘር ውርስ ምርመራ ሲመጣ አዲስ ፈተና ተከተለ። ፓቭሎቭስኪና ባልደረቦቹ በጄኔቫ የሕያዋኑን ፎራሚኒፌራ የዘር ቅንብር አነጻጽረው በ2013 አዲስ ታላላቅ መደቦችን አቀረቡ። ባለ ብዙ ጓዳዎቹ ዋነኛ ሁለት ጎራ እንዳላቸው ተገለጠ፤ አንደኛው ጓዳዎቹ ሉል መሳይ፣ ሁለተኛው ቱቦ መሳይ የሆኑት ናቸው። አሸዋ እያጣበቁ የሚገነቡት ደግሞ በአንድ ቦታ ሳይሆን በሁለቱም ጎራ ውስጥ ተገኙ። ስለዚህ የቁሳቁሱ ዓይነት የታሰበውን ያህል ታማኝ ምስክር አልነበረም፤ ዶርቢኚ ያስቀደመው የጓዳ ቅርጽ በከፊል ወደ ክብሩ ተመለሰ። የጠፉት ወገኖች ግን የሚመረመር ዘር የላቸውም። ፉሱሊኒዶች ከየትኛው ጎራ እንደሚቆጠሩ የሚናገረው አሁንም ድንጋዩ ብቻ ነው።

ስሙ በሥራ ላይ

ይህ ሁሉ ክርክር የት እንደሚያደርስ ለመረዳት ሁለት ምሳሌዎች ይበቃሉ። በጣሊያን አገር በጉብዮ ከተማ አጠገብ ሉተርባኸርና ፕሬሞሊ ሲልቫ በ1960ዎቹ የኖራ ድንጋይ ንጣፎችን ሲመረምሩ፣ እንደ «ግሎቦትሩንካና» ያሉ ትላልቅና ያጌጡ ወገኖች በአንድ ስስ የጭቃ ንጣፍ ሥር በድንገት ሲጠፉ፣ ከላዩ ደግሞ እጅግ ጥቃቅን ዛጎሎች ብቻ ሲጀምሩ አዩ። ወገኖቹ በትክክል ባይለዩ ኖሮ ያ የጭቃ መስመር ከሌላው ጭቃ አይለይም ነበር። በ1980 የአልቫሬዝ ቡድን በዚያው ጭቃ ውስጥ ኢሪዲየም የተባለውን ብረት ከልክ በላይ አግኝቶ፣ ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ምድርን የመታ የሰማይ አካል ነበር የሚለውን ሐሳብ ለማቅረብ የቻለው ድንበሩ አስቀድሞ ስለ ተሰመረለት ነው።

ሁለተኛው ለመሐንዲስ ይበልጥ ቅርብ ነው። በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ከባሕር በታች የሚያልፈው፣ በ1994 የተከፈተው የባቡር ዋሻ በአብዛኛው የተቆፈረው ጭቃ በተቀላቀለበት የጠመኔ ድንጋይ ውስጥ ነው። ይህ ንጣፍ ለመቆፈር የሚመች፣ ውሃም እምብዛም የማያሳልፍ ነው። ከላዩ ያለው ጠመኔ ስንጥቅ የበዛበት ሲሆን፣ ከሥሩ ያለው ጋልት የተባለው ጭቃ ደግሞ የሚለመጥና የሚያብጥ ነው። መሐንዲሶቹ ቀኝና ግራ ሳይሉ በዚያ መካከለኛ ንጣፍ ውስጥ መቆየት ነበረባቸው። ለዚህም ከባሕሩ ወለል ከተቆፈሩት የምርመራ ጉድጓዶች የወጡት የክሬታሺየስ ዘመን ፎራሚኒፌራ እየተለዩ ንጣፉን ከአንዱ ጉድጓድ ወደ ሌላው ለማያያዝ አገለገሉ። ጠመኔው ለዓይን አንድ ዓይነት ሲመስል፣ ዛጎሎቹ ግን ከሜትር ወደ ሜትር ይለያዩ ነበር።

ወደ አገራችን ስንመለስም ነገሩ እንግዳ አይደለም። ከ1868ቱ የመቅደላ ዘመቻ ጋር የመጣው ዊልያም ብላንፎርድ በ1870 ባሳተመው መጽሐፍ በትግራይ የሚገኘውን የኖራ ድንጋይ በአንታሎ ስም ጠርቶታል። ይህ በጁራሲክ ዘመን አካባቢውን ሸፍኖ ከነበረ ባሕር የቀረ ድንጋይ ነው። በውስጡም ሄንሰን በ1948 ከመካከለኛው ምሥራቅ ድንጋዮች የሰየመውን «ኩርኑቢያ»ን የመሰሉ ዘራቸው የጠፋ ወገኖች ተገኝተዋል። በኦጋዴንም በ1973 የተፈጥሮ ጋዝ በተገኘበት በካሉብ አካባቢ መሰርሰሪያው ወደ ጋዙ ከመድረሱ በፊት የሚያልፍባቸው ወፍራም የኖራ ድንጋዮች ከዚያው ዘመን ባሕር የቀሩ ናቸው። ከመቀሌ ዙሪያ ያለ የድንጋይ ካባና ከኦጋዴን ጥልቅ ጉድጓድ የወጣ ስብርባሪ በዕድሜ የሚነጻጸሩት፣ በፍልስጤም፣ በኢራቅ ወይም በዐረብ ምድር ከወጣው ጋር በአንድ ስም ሲጠሩ ነው። ስሙ በአንዱ ቦታ የተሳሳተ እንደ ሆነ ንጽጽሩ ሁሉ ይዛባል።

ከላይ የተዘረዘረው ታሪክ የሚያሳየው ምደባው በየዘመኑ ሲለዋወጥ መኖሩን ብቻ አይደለም። ዶርቢኚ ዘመዱን ቢስትም ወገኖቹ ቆመዋል፤ ካርፔንተር በኤኦዞን ቢሳሳትም የግድግዳው ሐሳብ ፍሬ አፍርቷል፤ ሜለር ናሙናውን ቢለዋውጥም የተነፉት ዛጎሎች የዘመን ምልክት መሆናቸው አልተሻረም። የጸናው ሥራ የተመሠረተው ማንም በኋላ መጥቶ ሊያየው በሚችል ናሙና፣ በጥንቃቄ በተሣለ ሥዕልና ልዩነቱን በግልጥ በጻፈ ቃል ላይ ነው። ይህ ባይሆን ኖሮ ደንባርና ስኪነር ከሃምሳ ዘጠኝ ዓመት በኋላ ስሕተቱን ሊያገኙት ባልቻሉም ነበር። ከአንድ የምርመራ ጉድጓድ የወጣ ናሙና ቁጥሩ፣ ጥልቀቱና ቦታው በትክክል ተጽፎ ከተቀመጠ፣ ዛሬ የተሰጠው ስም ቢሳሳት እንኳ ነገ የሚያርመው አያጣም። ናሙናው ከተጣለ ግን የሚቀረው የግንበኞች ምስር ነው የሚለው የጊዛ ሰዎች ወሬ ብቻ ነው።